ጭራቅን በሁለት ዓይን መሣል
ስለ አስፈሪ ሲኒማ ታሪክና ስለ አገር ቤት ፍርሃት

ፍርሃት በተፈጥሮው መልክ የለውም። ጨለማ፣ ረኀብ፣ ወረርሽኝ፣ ድንገተኛ ሞት ሰውን ያስጨንቁታል እንጂ ዓይንና አፍንጫ አውጥተው ፊት ለፊቱ አይቆሙም። ሰው ግን መልክ ከሌለው ነገር ጋር መኖር አይሆንለትም። ስለሆነም ለፍርሃቱ ቀንድ ያበቅልለታል፤ ጥርስ ያወጣለታል፤ ስም ይሰጠዋል። ተረት፣ ሥዕልና ቲያትር ይህን ሥራ በየተራ ሲሠሩት ኖረው ለሲኒማ አስረክበዋል። አስፈሪ ሲኒማ የሚባለው የፊልም ዘርፍ ከ120 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህንኑ ጥንታዊ ተግባር በብርሃንና በጥላ ሲያከናውን ነው።

ዘርፉ በብዙ መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ እንደ ተራ የገበያ ሸቀጥ ይቆጠራል። ከፊሉ በእርግጥም ሸቀጥ ነው። ይሁንና አንድ ኅብረተሰብ ምን እንደሚወድ ከዘፈኑ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ ምን እንደሚፈራና በማን እንደሚያሳብብ ከጭራቁ ይታወቃል። ስለዚህ ለኪነ ጥበብ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ «ፊልሙ ያስፈራል ወይ?» የሚል ብቻ አይደለም። «ጭራቁ የማንን ፊት ለብሶ መጣ?» የሚለው ይበልጥ ይከብዳል። ይህን ጥያቄ ለመመርመር ደግሞ ከታላላቅ የፊልም ከተሞች ይልቅ ፍርሃት ያለ ሲኒማ ከኖረበት ከጋይንት ደጋ መነሣት ይሻላል።

የቤተ ልሔም ሌሊት

ቤተ ልሔም በጋይንት ምድር የምትገኝ የድጓ መናገሻ ናት። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የተማረ ደቀ መዝሙር ድጓውን አስመስክሮ መምህር ለመባል ከየአገሩ ተነሥቶ የሚጓዘው ወደዚህች ስፍራ ነው። ቤተ ክርስቲያኗም የራሷ ምሥጢር አላት። በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ ስፍራው የዘለቀው ተጓዥ ጸሐፊ ቶማስ ፓከናም ከውጭ ያየው እንደ ማንኛውም የደጋ ደብር ክብ የሆነ የሣር ክዳን ቤት ነበር። ውስጡ ሲገባ ግን አራት ማዕዘን የሆነ፣ በጥንት የአክሱም ሥርዐት የታነጸ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ክቡ ግድግዳና ጣሪያ ጥንታዊውን ሕንፃ ሸፍኖት ኖሯል።

የዚህች አገር ትምህርት በጆሮ የሚገባ ነው። ተማሪው ቀን ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ ይውላል፤ ሌሊት ደበሎውን ለብሶ በጨለማ ጎጆ ውስጥ የቃል ትምህርቱን ያጠናል። መብራት ብርቅ በሆነበት ሌሊት ዓለምን የሚነግረው ጆሮው ነው። የጅብ ጩኸት ምን ያህል እንደቀረበ፣ በአጥሩ በኩል የሚሰማው ኮቴ የሰው ይሁን የአውሬ የሚለየው በጆሮው ነው። ከዚያም ወሬው ይቀጥላል። ስለ ጭራቅ፣ ስለ ጋኔን፣ ስለ ዛር፣ ከሁሉም ይልቅ ስለ ቡዳ ይወራል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ ገና ማረሻ ሳይጨብጥ፣ ፊደል ሳይቆጥር ይህን ሁሉ በምድጃ ዳር ሰምቶ ያድጋል።

የሲኒማ ሊቃውንት ብዙ ደክመው የደረሱበት ብልሃት በዚህች ጎጆ ውስጥ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ዣክ ቱርነር በ1942 ባዘጋጀው «የድመት ሰዎች» በተሰኘው ፊልም አንዲት ሴት ሌሊት በባዶ መንገድ ስትሄድ ከኋላዋ ኮቴ ትሰማለች፤ ኮቴው ድንገት ይቋረጣል፤ ተመልካች አውሬውን ሲጠብቅ አውቶቡስ እየተነፈሰ ይደርሳል። በመጋረጃው ላይ ምንም አውሬ አልታየም፤ ፍርሃቱን የሠራው ጆሮ ነው። የምድጃ ዳር ተራኪም ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው፣ እሳቱ ሲከስም ዝም የሚለው ይህንኑ ስለሚያውቅ ነው።

አንድ ዓይንና ሁለት ዓይን

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ የታወቀ ደንብ አለ። ጻድቅ የሚሣለው ፊቱን መልሶ፣ ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ ነው። ርኩስ መንፈስ፣ ከሐዲ ወይም ገዳይ የሚሣለው በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው። ምእመኑ ጽሑፍ ባያነብም ከዓይን ቁጥር ብቻ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ደንቡ ለማስተማር ምቹ ነው። ነገር ግን አንድ ውጤት ያስከትላል፤ በጎን የተሣለውን ሰው ማንም ዓይን ለዓይን ሊያየው አይችልም። ዓይን ለዓይን ያላዩትን ሰው ደግሞ ማዘን ይቸግራል።

በዚሁ ባህል ውስጥ ደንቡን የሚፈታተን ታሪክ አለ፤ በተአምረ ማርያም የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ይህ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ጨምሮ 78 ነፍስ የበላ ነው። ከዚህ የበለጠ አስፈሪ ገጸ ባሕርይ በየትም ሲኒማ አይገኝም። ይሁን እንጂ ታሪኩ በጥርሱ አያበቃም። በውሃ ጥም የሚሠቃይ ድውይ በእመቤታችን ስም ሲለምነው እፍኝ ውሃ ያጠጣዋል። በፍርድ ቀን ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ ያች እፍኝ ውሃ ከ78ቱ ነፍስ በልጣ ትደፋለች። ሕዝቡ ለብዙ ዘመናት ሰው በላውን በግድግዳ ላይ ሲያይ የኖረው በሚዛኑ አጠገብ ነው። ሥዕሉ ከማስፈራቱ በላይ ተመልካቹን «ይህ ሰው ይማራል ወይስ አይማርም?» ሲል ይጠይቀዋል።

የቡዳ ወሬ ግን ሚዛን የለውም። ቡዳ ሰውን በዓይኑ «ይበላል»፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል ይባላል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ከነገሩን ወሬዎች አንዱ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ ተገድሎ መገኘቱን የሚያትት ነው። ጉትቻው ጅቡ ቀን ቀን ሰው እንደነበረ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ሰውዬው ማን ነው ቢባል ደግሞ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ናቸው። በጎንደር ምድር በብረትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም ይኸው ስም ተለጥፎባቸው ኖረዋል።

እዚህ ላይ ተረቱ ከምድጃ ዳር ይወጣል። የታመመ ሰው ሲለፈልፍ የአንድ ጎረቤት ስም ከጠራ፣ ስሙ የተጠራው ሰው የሚከራከርበት ሸንጎ የለም። ጋብቻ ይነፈገዋል፤ ልጁ ከእኩዮቹ ይገለላል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ዱላ ያርፍበታል። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ፣ የሚያጭድበትን ማጭድ የሠራለት ይኸው ሰው ነው፤ ውሃው በእንስራዋ ይቀዳል፤ እንጀራው በምጣዷ ይጋገራል። አገሩ የሚኖረው በሚፈራው እጅ ሥራ ነው። ከጋይንት ብዙ በማይርቀው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ባለሙያዎችን አሰባስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያሠሩ ኀይል ከብረት ሥራ እንደሚመነጭ ተረድተው ነበር። ዐፄ ምኒልክም የእጅ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ ተረትን ግን በተረት እንጂ በዐዋጅ መመለስ ያዳግታል።

ሁለት «የሰይጣን ቤቶች»

በ1896 እ.ኤ.አ. ማለቂያ፣ የዓድዋ ድል በተገኘበት በዚያው የአውሮፓ ዓመት፣ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስ ሦስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ አጭር ፊልም ሠራ። የሌሊት ወፍ ወደ ሰይጣን ይለወጣል፤ አጽም ይነሣል፤ በመጨረሻም ሰይጣን በመስቀል ይባረራል። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያው አስፈሪ ፊልም የሚሉት ይህንን ሲሆን ርእሱም «የሰይጣን ቤት» ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ያለ ማንም ነጋሪ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ሕዝቡ የፈራው በፊልሙ ውስጥ ያለውን ጭራቅ አልነበረም። የሌሉ ሰዎች በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀሱበት ብርሃን ራሱ አስፈርቶት ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የፊልም ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘርፉ እንደ ጥበብ የጎለመሰው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሸነፈችው ጀርመን ነው። በ1920 ሮበርት ቪነ ያዘጋጀው «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» ቤቶቹን አጣሞ፣ ጥላውን በወለል ላይ በቀለም ሥሎ የተናወጠ አእምሮን ከውጭ አሳየ። በ1922 ሙርናው «ኖስፌራቱ»ን ሠራ። ፊልሙ ከብራም ስቶከር «ድራኩላ» ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ በመወሰዱ የደራሲው ባለቤት ከስሳ ቅጂዎቹ እንዲቃጠሉ ተፈረደ፤ ይሁንና ጥቂቶቹ ተርፈው ለዛሬ በቅተዋል። በውበቱ የሚደነቀው ይህ ፊልም አንድ ነቀፌታ ይከተለዋል። ከምሥራቅ አይጥና ቸነፈር ይዞ የሚመጣው ጥፍራም ደም መጣጭ በዚያን ጊዜ በአይሁዳውያን ላይ ይሠራ ከነበረው ክፉ ሥዕል ጋር መመሳሰሉን ብዙ ሐያስያን አስተውለዋል።

ከዚያ ዘመኑ የአሜሪካ ሆነ። በ1931 «ድራኩላ» እና «ፍራንከንስታይን» በአንድ ዓመት ወጡ። በሁለተኛው ፊልም ቦሪስ ካርሎፍ የተጫወተው ከሬሳ ክፍልፋይ የተሠራ ፍጡር ነው፤ ሜሪ ሼሊ በ1818 ካሳተመችው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ፍጡሩ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር በሐይቅ ዳር ተቀምጦ አበባ በውሃ ላይ ያንሳፍፋል። አበባው ሲያልቅበት ልጅቱም እንደ አበባው የምትንሳፈፍ መስሎት ይወረውራታል። ከዚያም መንደሩ ችቦ ይዞ ይወጣል። ተመልካቹ ጭራቁን ፈርቶ የገባ ቢሆንም በመጨረሻ የሚፈራው ችቦ የያዘውን ሕዝብ ነው። በጎን ተሥሎ የኖረው ጭራቅ ፊቱን መልሶ ሁለት ዓይኑን ያሳየው እዚህ ላይ ነው።

የዘርፉ ቅርንጫፎች

ከዚያ ወዲህ አስፈሪ ሲኒማ ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቷል። ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም፤ ዋና ዋናዎቹን ከአገር ቤት ፍርሃት ጋር አጎራብቶ ማየት ይበቃል።

አንደኛው ሰው ወደ አውሬ የሚለወጥበት ነው። በ1941 የወጣው «ተኩላው ሰው» የቡዳ ወሬ ወንድም ነው። ጉትቻ ያለው ጅብ እዚህ ተኩላ ሆኗል። ነገሩን ልብ ይሏል፤ ባለጸጋውን ወጣት ነክሶ መርገሙን የሚያስተላልፍበት ከተንከራታች ጠንቋዮች ወገን የሆነ ሰው ነው። በአውሮፓም በጋይንትም አውሬነት የሚጀምረው መሬት ከሌለው፣ ከመንደሩ ዳር ከሚኖረው ሰው ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ሙታን የሚነሡበት ነው። በ1932 የወጣው «ነጭ ዞምቢ» ታሪኩ የሚካሄደው በሃይቲ ነው። ሃይቲ ያን ጊዜ በአሜሪካ ጦር ተይዛ ነበር። ነፍስ የሌላቸው ሰዎች በስኳር ፋብሪካ ውስጥ ያለ ድካምና ያለ ደመወዝ ወፍጮ ይገፋሉ። ፊልሙ ስለ ባርነት የሚናገር መሆኑን ራሱ በወጉ ያወቀ አይመስልም። በ1968 ግን ጆርጅ ሮሜሮ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት»ን ሲሠራ መሪውን ገጸ ባሕርይ ጥቁር አሜሪካዊው ዱዌን ጆንስ እንዲጫወተው አደረገ። ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ከሙታን ጋር ተዋግቶ በሕይወት ያድራል፤ ጠዋት ሊያድኑት በመጡ ነጭ ታጣቂዎች ጥይት ይሞታል። ጆርዳን ፒል በ2017 በሠራው «ውጣ» በተሰኘው ፊልም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ፣ ጨዋና ተግባቢ የሚመስል ቤተሰብ የጥቁርን ሰው አካል እንዴት እንደሚሰርቅ አሳይቶ በኦስካር የድርሰት ሽልማት አግኝቷል።

ሦስተኛው ጭራቁ ከሰው እጅ የሚወጣበት ነው። የጃፓኑ ኢሺሮ ሆንዳ በ1954 «ጎጂራ»ን ያቀረበው የአሜሪካ የኑክሌር ሙከራ የጃፓን ዓሣ አጥማጆችን በመረዘበት በዚያው ዓመት ነው። የሂሮሺማ ሐዘን ገና ያልደረቀለት ሕዝብ ከባሕር የወጣው አውሬ ምን እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። አራተኛው ጭራቁ ጎረቤት የሆነበት ነው። በ1960 የወጣው የሂችኮክ «ሳይኮ» አሳዳሪው ትሑት ወጣት ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ሲገኝ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ብሂል በሥዕል ተረጎመው። በእርሱ ፈለግ የተነሡት የቢላዋና የጭንብል ፊልሞች ግን ቢላዋውን እንጂ ትዝብቱን አልወረሱም።

አምስተኛው በመንፈስ መያዝ ነው። «አውጪው» ወይም «ኤግዞርሲስት» የተባለው የ1973 ፊልም በዓለም ዙሪያ ተመልካችን ያስለቀሰና ያስደነገጠ ነው። ጠበል ቦታ ላይ ሰው ሲጮኽ፣ የዛር ፈረስ ሲያጓራ ላየ የደጋ ሰው ግን ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የሚለየው በመሠረቱ ነው። በፊልሙ ውስጥ የገባው ክፉ መንፈስ ከሩቅ ከኢራቅ ፍርስራሽ የመጣ ባዕድ ሲሆን፣ ዛር ግን ብዙ ጊዜ ስም፣ አገርና ጥያቄ ያለው ነው። ሴኔጋላዊት ፈረንሳይት ማቲ ዲዮፕ በ2019 «አትላንቲክ» በተሰኘው ፊልም ይህን በሚገባ ተጠቅማበታለች። ደመወዛቸውን ተከልክለው በጀልባ ሲሰደዱ የሰጠሙ ሠራተኞች ሌሊት በዳካር ሴቶች ላይ ያድራሉ። መጥተው የሚሹት ደም አይደለም፤ ያልተከፈላቸውን የላብ ዋጋ ነው። ፊልሙ በካን ታላቁን የዳኞች ሽልማት ተቀብሏል።

ለቡዳ ወሬ ደግሞ ምላሽ ሊሆን የሚችለው በ2017 የወጣው የዛምቢያዊቷ የሩንጋኖ ንዮኒ «ጠንቋይ አይደለሁም» ነው። አንዲት ብላቴና ጠንቋይ ናት ተብላ በነጭ ጥብጣብ ትታሰራለች፤ ጥብጣቡን ብትበጥስ ፍየል ትሆናለች ይሏታል። ተመልካቹ ዓለምን የሚያየው ከተከሳሿ ወገን ቆሞ ነው። የሚያስፈራውም እርሷ አይደለችም፤ በእርግጠኝነት የሚናገሩት ሰዎች ናቸው።

ያለ ጭራቅ ያስፈራው መጋረጃ

በኢትዮጵያ አስፈሪ ሲኒማ እንደ ራሱ የቻለ ዘርፍ ጎልቶ አልወጣም። ሆኖም በታሪካችን ውስጥ አገርን ያስደነገጠ ፊልም አልጠፋም። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ የረኀብተኛው ገጽታ ከቤተ መንግሥት ድግስና ለውሾች ከሚሰጥ ሥጋ ጋር እየተፈራረቀ ተቀናብሮ ነበር። በማግስቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። ረኀቡ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠው ግን የአርታዒው መቀስ ነው። መልክ ያልነበረው የሕዝብ ሰቆቃ በአንድ ሌሊት ፊት ተሰጠው።

መቀሱን የያዘው ኀይል ግን ብዙም ሳይቆይ ራሱ ሌሎችን በአንድ ዓይን መሣል ጀመረ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን የወጣቶች አስከሬን ጽሑፍ ተለጥፎበት በየመንገዱ ተጣለ። ጽሑፉ የሟቹን ስም ሳይሆን የጠላትነቱን መጠሪያ ይነግር ነበር። ስለዚህ ነው «ሽብር» የሚለው ቃል በአማርኛ ለመዝናኛ ፊልም መጠሪያ ሲሆን እስከ ዛሬ ጆሮ የሚከብደው።

ያን ዘመን በሲኒማ ያነሣው የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ነው። በ2008 የወጣው «ጤዛ» ከውጭ ተምሮ፣ ቆስሎ ወደ ጣና አካባቢ መንደሩ የተመለሰ ምሁር ታሪክ ነው። በቅዠቱ ውስጥ የሚመላለሰው ያለፈው ዘመን ነው። ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ይደበቃሉ፤ እናቶች ሌሊት በኮቴ ድምፅ ይባንናሉ። መንደሩ አእምሮው የታወከውን ሰው መንፈስ ይዞታል ብሎ ወደ ጠበል ይወስደዋል። ፊልሙ ግን ይህን እምነት አይሣለቅበትም። ያደረበት መንፈስ ካለ ስሙ ታሪክ እንደሆነ ብቻ ቀስ ብሎ ያሳያል። «ጤዛ» በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትን፣ በ2009ም በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ያገኘ ነው። አስፈሪ ፊልም ብሎ የመደበው የለም፤ ነገር ግን የዘርፉን ከፍተኛ ግዳጅ ፈጽሟል።

የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ

ዛሬ የፊልም መቅረጫ መሣሪያ በብዙ ወጣቶች እጅ ነው። ከጋይንትም፣ ከስማዳም፣ ከእስቴም የሚነሣ አንድ ወጣት የአያቱን የምድጃ ዳር ወሬ ፊልም ሊያደርግ ቢነሣ ማንም አይገርመው። ቁሳቁሱ የበለጸገ ነው። የጅብ ጩኸት አለ፤ ጨለማ አለ፤ ገደልና ጉም አለ። ነገር ግን የቡዳን ወሬ እንደ ሰማው ቢቀርጸው፣ ጉትቻ ያለውን ጅብ በብልሃት አስመስሎ ቢያቆመው፣ ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱ የሚበራው በአንድ ሕያው ሰው ፊት ላይ ነው። ተመልካች ከአዳራሽ ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ቀጥቃጩ እዚያው ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ያገኘዋል። የለንደን ተመልካች ድራኩላን ጎረቤቱ ውስጥ አይፈልገውም፤ የደጋው ተመልካች ግን ቡዳው ማን እንደሆነ በስም ያውቃል። ልዩነቱ ይህ በመሆኑ ኀላፊነቱም ይከብዳል።

ይህ ማለት ተረቱ ይቀበር፣ ሕዝቡም ኋላ ቀር ነው ተብሎ ይሰበክለት ማለት አይደለም። ስብከት ፍርሃትን አያስለቅቅም፤ ያስደብቀዋል እንጂ። መምህሩ በክፍል ውስጥ፣ ካድሬው በስብሰባ ላይ «ቡዳ የለም» ሲሉ ቢውሉ ሌሊት ልጁ ሲያተኩሰው እናቲቱ የምታስበው የሰማችውን ስም ነው። የሚያዋጣው ታሪኩን ወስዶ ፊቱን ማዞር ነው። ካሜራው ጅቡን ከሚያሳድደው ሕዝብ ጋር ከሚሮጥ፣ ችቦው ወደ ቤቱ ሲቀርብ በበሩ ቀዳዳ ከሚያየው የቀጥቃጩ ልጅ አጠገብ ይቀመጥ። ኮቴው ያው ኮቴ ነው፤ ጨለማውም ያው ጨለማ ነው። ፍርሃቱም አይቀንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል። የሚለወጠው ተመልካቹ የቆመበት ወገን ነው።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያሻም። 78 ነፍስ የበላውን ሰው እንኳ ያለ ሚዛን ያልተወ ሕዝብ፣ ማረሻውን ለሠራለት ጎረቤቱ ሚዛን ይነፍገው ዘንድ አይገባም።